በጥርስ ሐኪም ገንዳ የተሠራ ብረት

«የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው በአልትራሳውንድ ነው» ያልኩ ቀን የመምህራን ማረፊያው በሳቅ ተናጋ። አንዷ ባልደረባዬ ሆዴን ነካ አድርጋ «ስንት ወርሽ ነው? ሳትነግሪን!» አለች። ሞጣ ላይ አልትራሳውንድ ማለት እርጉዝ ሴት ተጋድማ፣ ሆዷን ቅባት ነገር ተቀብታ፣ ልጇን በቴሌቪዥን የምታይበት ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ጊዜ ባልም አልነበረኝም። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ሳቁ ሲበርድ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ አለ። ያ ድምፅ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ዓይን የማያያቸው አረፋዎች ይፈጠሩና ወዲያው ይደረመሳሉ። አረፋዋ በተደረመሰችበት ነጥብ ላይ ለቅጽበት ከማንኛውም ምድጃ የባሰ ሙቀት ይነሳል። በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ፣ ፓላዲየም ከሚባል ውድ ብረት የተገኘ ጨውና ትንሽ አልኮል ካለ፣ ሙቀቱ አልኮሉን ይሰባብረዋል፣ ስባሪው ደግሞ ጨውን ወደ ብረት ይመልሰዋል። ብረቱ ግን እንደ ምስማር ያለ አይደለም። በጣም ከመድቀቁ የተነሳ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። ናኖ ቅንጣት የሚባለው እሱ ነው።

«ለምን ይጠቅማል?» አለ የታሪክ መምህሩ።

«ነዳጅ ሴል ለሚባል ነገር። እንደ ባትሪ ነው፤ ግን ሲያልቅ አይጣልም። አልኮል እየጨመርክለት ኤሌክትሪክ ይሰጥሃል። አልኮሉ አይነድም፣ ጭስ የለውም። ብረቱ ላይ ሲደርስ ይፈርስና ኃይሉን ይለቃል።»

«አረቄ ጠጥቶ መብራት የሚሰጥ?» አለ። «የእኛ አገር ሰው አረቄ ጠጥቶ ሲሰጥ ያየሁት ዱላ ብቻ ነው።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያላወቀው ነገር ግን እኔ የአረቄ ልጅ መሆኔን ነው። እናቴ ቢቸና ውስጥ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። አባቴ ከሞተ በኋላ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ደብተርም ጫማም የወጣው ከዚያ ማሰሮ ነው። አረቄ የሚወጣበት ጎጆ መስኮት አልነበረውም። እርጥብ እንጨት ሲማገድ ጭሱ ከጣሪያው እስከ ጉልበት ድረስ ይወርዳል፤ እናቴ ከጭሱ በታች ጎንበስ ብላ ትሠራለች። ልጅ ሆኜ ሳል ማለት የእናት ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት መኖሯን የማውቀው ከአጥሩ ውጭ በሚሰማኝ ሳሏ ነው። ርዕሱን ከሌሎች መካከል የመረጥሁት ለዚህ ይሁን ወይም አማካሪዬ ስለገፋፋኝ፣ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። አልኮል ያለ ጭስ ኃይል ይሰጣል የሚለውን ስሰማ ግን ያ ጎጆ ትዝ እንዳለኝ አስታውሳለሁ።

ትምህርቱ የክረምት ነበር። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሞጣ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው የምርምር ክረምት ዋናው መሣሪያ ሥራ ላይ ነበር። ወፍራም ምስማር የመሰለ የብረት ዘንግ አለው። ዘንጉን ፈሳሹ ውስጥ ነክረው ሲያስነሱት ጥርስ የሚያንገሸግሽ ጩኸት ያሰማል። አሠራሩን ሳልለምድ መሣሪያው ተበላሸ። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ተባለ። በሁለተኛው ክረምትም አልመጣም። ሌሎቹ ተማሪዎች ጽፈው ሲጨርሱ እኔ የሰው ጥናት እያነበብሁ ከቤተ ሙከራው በር ላይ ከረምሁ። አማካሪዬ ደግ ሰው ነበር፤ የማራዘሚያ ፈቃድ አስወሰነልኝ። ከውጭ በሰው ያስመጣውን የፓላዲየም ጨው ቀሪ ደግሞ ከካርቦን ዱቄትና ከአንዳንድ ዕቃ ጋር ሰጠኝ። «መሣሪያው በመኸር ይጠገናል ብለዋል፤ ሲጠገን እደውልልሻለሁ፣ ወዲያው ትመጫለሽ» አለኝ።

እውነትም ተጠገነ፤ እውነትም ደወለልኝ። በዚያ ሳምንት መንገድ ተዘጋ።

ያን ዓመት የኖረበት ሰው ያውቀዋል። አንድ ቀን ሱቆች ይከፈታሉ፣ በማግስቱ ይዘጋሉ። መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይደረደራል። ኢንተርኔት የለም። መብራት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነ፤ በመጣ ቁጥር ሰው «መጣ!» ብሎ ይጮሃል፣ ድምፁ ከሰፈር ሰፈር ይተላለፋል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻው ሚኒባስ ወንድሜ እናቴን ይዞልኝ መጣ። ቢቸና ውስጥ ሕክምና አጥታ አይደለም፤ «ልጄ ያለችበት ውሰደኝ» ብላው ነው። ከሚኒባሱ ስትወርድ ከንፈሯ እንደ አጋም ጠቁሮ ነበር። ሦስት ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ ትተነፍሳለች።

ሆስፒታል አስተኟት። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና «እናትሽ ሲጋራ ያጨሳሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ኧረ በፍጹም። አረቄ ያወጣሉ።»

«ስንት ዓመት?»

«እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሳንባቸው አልቋል፣ እህቴ። የምንችለው ኦክስጅን መስጠት ነው።»

ከአልጋዋ አጠገብ ትንሽ ፍሪጅ የምታህል ማሽን ነበረች። ከክፍሉ አየር ኦክስጅን እየለየች በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ትልካለች። ማሽኗ የምትሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ነርሷ ሲሊንደር ትከፍታለች። ሲሊንደሩ ደግሞ የሚሞላው ከሩቅ ከተማ ነው፤ መንገዱም ዝግ ነው። ስለዚህ በቁጠባ ነበር የሚሰጡት፤ ለሁሉም በሽተኛ ማዳረስ ነበረባቸው። ሠራተኞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። ባዶ ሲሊንደር እየገለበጡ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረውን ሐሳብ አይቻለሁ።

አማካሪዬ እንደገና ደወለ። ስልኩ እየተቆራረጠ ነው። «ትምህርት ክፍሉ የመጨረሻ ብሏል። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤት ካላሳየሽ ስምሽ ይሰረዛል። እኔ ከዚህ በላይ መለመን አልችልም።»

«መንገድ የለም እኮ፣ ፕሮፌሰር። እናቴም ታማብኛለች።»

«እዚያ አካባቢ የአልትራሳውንድ ማጽጃ ገንዳ የለም? የላብራቶሪ፣ የመነጽር ቤት፣ የጥርስ ሐኪም… ደካማ ነው፤ ግን ጊዜ ከሰጠሽው ይሠራል» አለ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

የጥርስ ሐኪም ሲል ጉንጬን ያዝሁ። ባለፈው ዓመት የመንጋጋ ጥርሴን ያስነቀልሁት ገበያው አጠገብ ካለች አንዲት ክሊኒክ ነበር። አፌ ደንዝዞ ተቀምጬ ሳለ ጥግ ላይ ያለች የብረት ሣጥን ስታፏጭ ሰምቼ ነበር፤ ጉጠቶቹን የሚያጥብባት ሣጥን ናት።

በማግስቱ ሄድሁ። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ያመጣኝን ስነግረው መነጽሩን አወለቀ።

«መምህር፣ ይህችን ማሽን ያገኘኋት በስንት መከራ ነው። ብረት አፍስሰው ቢያበላሹብኝ ሌላ የለኝም።»

«ብረቱ በብልቃጥ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ዶክተር። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ውሃ ብቻ ነው። ድምፁ በውሃው አልፎ ብልቃጡን ይወጋል።»

«የኔን ጉጠት የሚያጸዳ ድምፅ ብረት ይፈጥራል ነው የሚሉኝ?»

«አይፈጥርም። ጨው ውስጥ የተደበቀውን ያወጣዋል።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ምናልባት ፊቴ ላይ ያለውን አይቶ ይሆናል እንጂ ኬሚስትሪው አላሳመነውም። «እሑድ በሽተኛ የለኝም» አለ።

የመጀመሪያው እሑድ መብራት ነበረ። መጀመሪያ ያደረግሁት ምግብ የሚጠቀለልበትን ቀጭን የአሉሚኒየም ፎይል ገንዳው ውስጥ ማቆም ነው። ድምፁ የበረታበት ቦታ ላይ ፎይሉ ይበሳሳል። ሳወጣው በስተቀኝ በኩል ብል የበላው ነጠላ መስሏል። ሐኪሙ ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና «ይህን ሁሉ ጊዜ ጉጠቴን በግራ ነበር የማስቀምጠው» ብሎ ሳቀ። ብልቃጤን በቀኝ በኩል በክር አንጠለጠልሁት። ውስጡ ያለው የፓላዲየም ጨው ብጫ ነው፣ የጠራ ጠጅ የመሰለ። አየሩን ለማስወጣት ውሃውን ቀድሜ አፍልቼ፣ ከድኜ አቀዝቅዤው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ለዚህ የሚሆን ጋዝ ነበረ። ገንዳው እየሠራ ሲሄድ ይሞቃል፤ ለማቀዝቀዣ ከለስላሳ መሸጫው በረዶ ለምኜ አመጣሁ። ማሽኗ ደግሞ የተሠራችው ለእጥበት ስለሆነ በየጥቂት ደቂቃው ራሷን ታጠፋለች። ተነስቼ እጫናለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እጫናለሁ።

ብጫው ወደ ቡኒ መዞር ጀመረ። እየጠቆረ፣ ጠላ እየመሰለ ሄደ። ድንገት ፉጨቱ ቆመ። የቆመው ማሽኗ አልነበረም፤ መብራቱ ነው የጠፋው።

ጠበቅሁ። ፈሳሹን ዓይኔ እያየ ጥቁሩ ነገር ከላይ እየጠራ ከታች መቀመጥ ጀመረ። ገና ካርቦኑ ላይ ያላረፉ ቅንጣቶች ድምፁ ሲለቃቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አንዴ ከተጣበቁ አይላቀቁም። ጠላው አተላ ሆነ።

ብልቃጡን እንደያዝሁ ወደ ሆስፒታል ሮጥሁ። መብራቱ እዚያም ጠፍቷል፤ የእናቴን ማሽን ያሰብሁት ዘግይቼ ነው። ስደርስ ነርሷ ሲሊንደሩን ገጥማ ነበር። እናቴ በትራስ ተደግፋ ቀና ብላለች፣ ወንድሜ ጀርባዋን ይዟል። ብልቃጡን አየችው።

«ምንድነው… የያዝሽው?»

«ሥራዬ ነው፣ እማዬ።»

ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «አተላ… ሆኗል።»

«አዎ። ተበላሽቷል።»

«ደግመሽ… ጥመቂዋ» አለች፤ ሌላ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁሉ።

ሁለተኛውን ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ፣ ሁለተኛው እሑድም ከሸፈ። ያን ቀን መብራት አልጠፋም። በረዶ ግን ለስላሳ መሸጫውም አልነበረውም። ገንዳው ጋለ፣ ፈሳሹ ሞቀ፣ ጥቁሩ ቶሎ መጣና ቶሎ ወረደ። ሐኪሙ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ውሃውን ራሱ ደፋልኝ። ከአማካሪዬ የተቀበልሁት ጨው አሁን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ መብራት ጭራሽ ሄደ። ቀናት አለፉ። ስለእነዚያ ቀናት መጻፍ ይከብደኛል። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ውዬ የማድረው እናቴ አልጋ ሥር ነው። ኦክስጅኑን ለጥቂት ጊዜ ይከፍቱላታል፣ ቀለም ሲመለስላት ይዘጋሉ፣ ለሌላው በሽተኛ ይወስዳሉ። ሲወስዱባት አትቃወምም። አጠገቧ ለተኛው ሕፃን ሲገጥሙለት አንዴ እጇን አንስታ «እሰይ» ብላለች። እኔ ግን በልቤ ያን ሕፃን ስንት ጊዜ እንደጠላሁት እግዜር ያውቃል። ወንድሜ በራፉ ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል፤ መብራት ከሰማይ የሚመጣ ይመስል።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሯ ላይ አርፋ ሳለ፣ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ… ያ የምትሠሪው ነገር… በአረቄ መብራት ይሰጣል… ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሻለሁ።»

«እውነት… ይሰጣል?»

«ይሰጣል፣ እማዬ። ትንሽ ነው ግን።»

ማሽኗን በዓይኗ አመለከተች። ጠፍታ የቆመችውን። «ለዚች… ይበቃል?»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለማስተምራቸው ልጆች አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ያ ብልቃጥ ቢሳካ እንኳ፣ ከእሱ የሚሠራው ሴል የእጅ ሰዓት ለማንቀሳቀስ ይበቃ እንደሆነ ነው። እሷን የሚያስተነፍሰውን ማሽን ለማስነሳት ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሥራ፣ ከእኔ አገር የሚበልጥ ሀብት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

«ይበቃል» አልኋት።

«እንግዲያ… ቶሎ በይ» አለችኝ።

ወጥቼ ከሆስፒታሉ አጥር ጋር ተደግፌ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ስለዋሸሁ አልነበረም። አምናኝ ነበርና ነው።

መብራቱ የመጣው በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ነው። «መጣ!» የሚለው ጩኸት ከገበያው በኩል ተነስቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ማሽኗ ጢጥ ብላ ተነሳች፤ ነርሷ ቱቦውን አስተካከለችላት። እናቴ ዓይኗን ገለጠች፣ ወደ በሩ በአገጯ ጠቆመችኝ። «ሂጂ።» ወንድሜም «እኔ አለሁ፣ እታለም» አለኝ።

ሮጥሁ። ብልቃጤንና ጨዉን ይዤ ክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ ወረፋው መንገድ ድረስ ወጥቷል። ስንት ቀን ጉንጩ አብጦ መብራት ሲጠብቅ የከረመ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ሻሽ ያሰረ፣ ቅርንፉድ ያኘከ፣ ግድግዳ ላይ ግንባሩን ያስደገፈ። እየተጋፋሁ ገባሁ።

«ዶክተር፣ እባክዎ። ዛሬ ብቻ።»

«መምህር፣ ይዩአቸው እንጂ። ገንዳው የሚፈለገው ለእነሱ ነው። ያልታጠበ ጉጠት በሰው አፍ አልከትም።»

«መብራቱ ይሄዳል። ጨዉ የመጨረሻ ነው።»

«የእነሱም ሕመም የመጨረሻቸው ነው የሚመስለው» አለ፤ ሳይቆጣ።

ትክክል ነበረ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ የተነቀለ ጥርስ፣ ሌላ የተነቀለ ጥርስ። ጉጠቶቹ ገንዳው ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዲት ሴትዮ ደም በጥጥ ይዘው ሲወጡ ዞር ብለው «አንች ደግሞ ምንሽን ነው ያመመሽ?» ቢሉኝ ብልቃጤን አሳየኋቸው።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወደ እኔ መጣ። «ጉጠቶቹ በግራ በኩል ይሁኑ፤ ብልቃጥዎን በቀኝ ያንጠልጥሉት። አብረው ይሥሩ። ኃይሉ ይቀንስብዎታል?»

«ይቀንሳል።»

«ሌላ የምችለው የለኝም።»

ተቀበልሁ። በረዶ ስላልነበረ ገንዳው በሞቀ ቁጥር ጎረቤት ካለው ጉድጓድ ቀዝቃዛ ውሃ እያመጣሁ እለውጥ ነበር። ጉጠት ሲገባ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲወጣ ይቀጥናል። ማሽኗ ራሷን ስታጠፋ ለጥርሱም ለእኔም የሚጫነው እኔ ሆንሁ። ብጫው አልንቀሳቀስ አለ። ደካማ ነበረ፣ በጣም ደካማ። ወረፋው ከመንገዱ ላይ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወንበሮቹ አጠረ። በእያንዳንዱ ደቂቃ ፉጨቱ ይቆማል ብዬ ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ ከዚያ እሷም አሁን እየተነፈሰች ነው፣ ይህ እስካልቆመ ድረስ እሷም አትቆምም እላለሁ። ክር የያዘው እጄ ደነዘዘ።

ቀስ እያለ ቡኒ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። የመጨረሻው በሽተኛ ሲወጣ ብልቃጡን አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁትና ከፊቱ ቆምሁ። ሐኪሙም ከጎኔ ቆመ። አልወረደም። እንደ ጥሩ ጠላ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖ ተቀመጠ። የካርቦኑን ዱቄት ጨምሬ እንደገና ገንዳው ውስጥ አገባሁት፤ ቅንጣቶቹ ካርቦኑ ላይ እንዲያርፉ ነው። ከዚያ በማጣሪያ ወረቀት ሳሳልፈው ከታች የወረደው ውሃ እንደ ምንጭ የጠራ ሆነ። ብረቱ ሁሉ ካርቦኑ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

«ሆነ?» አለ ሐኪሙ።

«ሆነ መሰለኝ።»

ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም፤ በሽተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሲደርቅ የወጣችው ነገር በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ሥር ያለች ቁንጥር ጥቁር ብናኝ ናት። ሆስፒታል ስመለስ እናቴ ተኝታለች፣ ማሽኗ እየሠራች ነው። ብልቃጧን ትራሷ አጠገብ አስቀምጬ ቁጭ አልሁ።

መንገድ ሲከፈት እናቴ «ቤቴ ውሰዱኝ» አለች። ወጣቱ ሐኪም «ቢቸና ቤታቸው ማሽን የለም፤ ታውቃላችሁ» አለን። እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። «አየር እንዲህ… የሚወደድ ነገር… መሆኑን ሳላውቅ… ኖርሁ» አለችው። «እንግዲህ… በደጄ ያለውን… ልበላው።» ሐኪሙ አጎንብሶ እጇን ሳመ።

መንገዱ አንድ ነው። ቢቸና ወደ ደቡብ፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሰሜን። የሴሚስተሩ መጨረሻ ደርሷል፤ ብናኟ ካልሄደች ስሜ ይሰረዛል። ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ልሰጠው ብሞክር ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና መልሶ ጣለልኝ። «ጥቁር ዱቄት? በዚህ ጊዜ? በየኬላው ሲፈትሹን ባሩድ ነው ቢሉ እኔ ምን ልመልስ ነው!» ለምኜ ለምኜ አልሆነም። በመጨረሻ የወሰደልኝ ያው የጥርስ ሐኪም ነው። መድኃኒትና ዕቃ ሊገዛ ወደዚያው ከተማ ይሄድ ነበር። «ቢጠይቁኝ ለጥርስ ነው እላለሁ» አለ። «ውሸትም አይደል፤ ከጥርስ ጋር ነው የተሠራ።» እሱ ወደ ላይ ተሳፈረ። እኛ እናቴን በሁለት ፍራሽ መሐል አስተኝተን ወደ ታች ወረድን።

ግንደ ወይንን አልፈን እስከ ደብረ ወርቅ ዓይኗን አልገለጠችም። በየመንገዱ ወጣቶች ሚኒባሱን ያስቆማሉ፣ ውስጡን ያያሉ፣ እሷን ሲያዩ በእጃቸው ያሳልፉናል። ወንድሜ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ በነጠላው ያራግብላታል። እኔ ዓይኔን ከደረቷ ላይ ማንሳት አልቻልሁም፤ ደረቷ ከፍ ሲል እኔም ከፍ፣ ዝቅ ሲል እኔም ዝቅ።

ቢቸና ገብታ የተወሰኑ ሳምንታት ቆየች። አልጋዋን በረንዳው ላይ አወጣንላት። ጎረቤቶች አረቄ ቤቷን ጠርገው ዘጉላት። የሚጠይቋት ሲመጡ «ልጄ ጨረሰች» ትላቸው ነበር፤ ምኑን እንደጨረስሁ ግን አትነግራቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ወንድሜ ውሃ ሊያጠጣት ቀና ሲያደርጋት አልቀና አለችው።

አማካሪዬ የደወለው በሣልስቷ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። ቁጥሩን ሳይ ወጣሁ፤ ለቅሶው ግን እስከ ውጭ ይሰማል።

«ሠርቷል!» አለ። «ሰማሽኝ? ሴሉ ላይ ሞከርነው፤ ኤታኖሉን ይበላል። ኃይሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይደክማል፤ ቅንጣቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ግን ሠርቷል፣ ይበቃሻል። ስምሽ አይሰረዝም።»

ከድንኳኑ ትንሽ ራቅ አልሁ።

«ምንድነው የምሰማው?» አለ። «የት ነሽ?»

«ቤት ነኝ፣ ፕሮፌሰር። እናቴ አርፋ ነው።»

ስልኩን አልዘጋም፤ እኔም አልዘጋሁም። በስተኋላዬ አንዲት አልቃሽ «ጭስ ጠጥታ ልጅ ያስተማረች» እያለች ታወርድ ነበር። ሰው ሁሉ ይቀበላታል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ እኔም ተቀበልሁ።

ጥናቴን ያቀረብሁት በሚቀጥለው ክረምት ነው። ከውጭ የመጣው ፈታኝ ሥዕላዊ መግለጫዎቼን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ውጤትሽ ሌሎች ካገኙት በጣም ያነሰ ነው። ትክክለኛው መሣሪያ ተጠግኖ ሳለ ለምን በማጽጃ ገንዳ ሠራሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አማካሪዬ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፣ በእጄ ከለከልሁት።

«መንገድ ተዘግቶ ነበር» አልሁ። «መብራትም አልነበረም።»

«ይህ ሳይንሳዊ ምክንያት አይደለም።»

«አይደለም» አልሁ።

አሳለፉኝ። ውጤቱ መካከለኛ ነበር። ለዶክትሬት የሚያበቃ አልነበረም፤ እኔም ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም። ከአዳራሹ ወጥቼ ዝናብ እስኪያባራ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለወንድሜ ደወልሁ። ማሳ ላይ ነበር፤ በሬዎቹን ሲገሥጽ ይሰማኛል።

«አለፍሁ» አልሁት።

«እሰይ» አለ። ከዚያ «ተዝካሩን ከመስከረም በኋላ እናድርገው ብለውናል፣ ጭቃው ሲደርቅ። ትደርሻለሽ አይደል?» አለኝ።

«እደርሳለሁ» አልሁት፤ የአውቶቡስ ቲኬት ልቆርጥ በዝናቡ ውስጥ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ።